የልጅ ሰውነት ያለ ምክንያት ሽፍ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ወሎ ውስጥ ልጅ ሰውነቱ ሽፍ ካለ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ጎረቤት “ምች መትቶት ነው” ብሎ ዳማ ከሴ ይዞ ይመጣል፣ ፋርማሲ “አለርጂ ነው” ይላል፣ አያት ደግሞ እንቁላሉን ትጠረጥራለች። ሁሉም የሚያዩት ሽፍታውን ነው። መንስኤውን ለማግኘት ግን ከመልኩ ይልቅ አንዱ እብጠት ቆዳ ላይ የሚቆይበት ሰዓት ይበልጥ ይረዳል። ስለዚህ ላብራቶሪ ከመሄዳችሁ በፊት እስክሪብቶ አንሡ።

አዲስ የወጡ ሁለት ወይም ሦስት እብጠቶችን ምረጡና ጠርዛቸውን በእስክሪብቶ ክበቡ። ከጎናቸው ሰዓቱን ጻፉ፣ ፎቶም አንሡ። እብጠቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከክቡ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ካለ፣ የነበረበትም ቆዳ ጥቁረት ሳይዝ ከተመለሰ፣ ሐኪሞች አርቲኬሪያ የሚሉት ነው፤ ሳማ የለበለበው ቆዳ ይመስላል። እዚያው ክቡ ውስጥ ካደረ ሌላ ነገር ነውና ወደ ታች ውረዱ።

ብዙ ጽሑፍ “ቀይ እብጠት” ይላል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ልጁን መስኮት አጠገብ አቁሙትና ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ከፍ ያለውን ቦታ ፈልጉ፣ በጣት ጫፍም ዳስሱት። ፎቶውን ፊት ለፊት በፍላሽ ካነሳችሁት እብጠቱ ተስተካክሎ ይጠፋል። ያለ ፍላሽ፣ ከጎን አንሡት። ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ ቆዳው ንጹህ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ማስረጃችሁ ይህ ፎቶ ነው።

ሳትጠብቁ የምትሮጡበት

ከሽፍታው ጋር ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሹ ካፏጨ ወይም በድንገት አከታትሎ ካሳለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ከዛለና ዓይኑን መግለጥ ካቃተው ጉዳዩ የቆዳ አይደለም። አናፊላክሲስ፣ ማለትም ነፍስ የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ ነው። መድኃኒቱ በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ሲሆን መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ነው። የአለርጂ ሽሮፕም ሆነ የዴክሳሜታዞን መርፌ አይተካውም፤ ለዚህ አደጋ ሁለቱም ዘግይተው ነው የሚሠሩት። በመንገድ ላይ ልጁን አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ካስቸገረው ይቀመጥ፤ ግን አይቁም፣ አይራመድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጤና ተቋሙ ቅርብ ከሆነ ባጃጅ ይቀድማል። ከተሻለውም በኋላ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል ወዲያው ይዛችሁት አትውጡ።

ምልክት፦ ይወጣል ይጠፋል፣ ከጀመረ ገና ጥቂት ቀኑ ነው

በልጆች ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው መንስኤ ቫይረስ ነው። ጉንፋን፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ተቅማጥ በነበረበት ሳምንት ወይም ገና እንደተሻለው ሽፍታው ይነሳል። ምንም መንስኤ ሳይገኝለት በራሱ የሚጠፋውም ብዙ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የደም ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሄው እንቅልፍ የማያበዛ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ሴትሪዚን በቀላሉ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ 5 ሚሊግራም ይይዛል፤ ጠርሙሱን ግን አንብቡ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 2.5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት 5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለና የኩላሊት ሕመም ላለበት ሐኪም ይወስን። ሽፍታው በየቀኑ የሚመላለስ ከሆነ በሰዓቱ ስጡት፤ እብጠት ሲታይ ብቻ መስጠት ሁልጊዜ ከኋላ መሮጥ ነው። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያፍን ስለሚችል አይሰጥም። የዴክሳሜታዞን መርፌ ሽፍታውን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል፤ ሲያልቅ ግን ሽፍታው ይመለሳል፣ መርፌ እየደጋገሙ መውጋትም ልጁን ይጎዳል።

ምልክት፦ ከምግብ በኋላ ይነሳል

የምግብ አለርጂ ሰዓት ያከብራል። ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል፣ ያው ምግብ በተበላ ቁጥርም ይመለሳል። ትናንት ማታ የበላው ዛሬ ከሰዓት አያሽፈውም። ዘወትር የሚጠረጠሩት ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴና ዓሣ ናቸው፤ የሐይቅ ቆሮሶም እዚሁ ይገባል። አብሽን አትርሱ፤ ከለውዝ ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ለውዝ የሚያሽፈውን ልጅ አብሽም ሊያሽፈው ይችላል፣ በመጠጥም በወጥ ቅመምም ሳይታወቅ ይገባል። የፋሲካና የኢድ ማግስት ለዚህ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ማዕዱ በአንድ ቀን ስለሚለወጥ ምን እንደተጨመረ ማስታወስ ይቀላል።

መፍትሄው የተጠረጠረውን አንዱን ምግብ ብቻ ማቆም ነው። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ሽሮውን ሁሉ አንድ ላይ መከልከል ሽፍታውን ሳያጠፋ ልጁን ያከሳል። ትንፋሹን ነክቶት የነበረ ከሆነ ምግቡን እቤት እንደገና አትሞክሩ።

ምልክት፦ መድኃኒት ጀምሮ ነበር

የመጀመሪያው ፍሬ በተዋጠ በሰዓት ውስጥ ከተነሳ መድኃኒቱን አቁሙና ስሙን በልጁ ካርድ ላይ አስጽፉ። አሞክሳሲሊን በተጀመረ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን የሚወጣ ሽፍታ ግን ብዙ ጊዜ የቫይረሱ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። እንዲህ “ፔኒሲሊን አይስማማውም” ከተባሉ ልጆች አብዛኞቹ በኋላ ሲመረመሩ ይስማማቸዋል። ቀኑንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ሐኪም እስኪወስን አቁሙ፤ ፍርዱን ለዕድሜ ልክ አታጽድቁ። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ ያለውን ሽፍታ ሊያባብሱ ይችላሉ። ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል ይሻላል።

ምልክት፦ ብርድ ወይም ውሃ ሲነካው

የደሴን ጠዋት ወጥቶ ጉንጩና እጁ የሚያብጥ፣ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሲወርድ የሚተወው ልጅ የብርድ አርቲኬሪያ ሊኖረው ይችላል። ጤና ተቋም ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ በረዶ ክንዱ ላይ ለ5 ደቂቃ ይያዝና ከተነሳ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይታያል፤ የበረዶውን ቅርጽ ይዞ ካበጠ ተረጋገጠ ማለት ነው። ይህ ልጅ ሐይቅም ሆነ አርዲቦ ገብቶ እንዳይዋኝ። መላ አካሉ በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሲሮጥ ወይም ሲሞቀው እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ሆኖ የሚወጣው የሙቀትና የላብ ነው። ጥፍር የሄደበትን መስመር ተከትሎ የሚያብጠው ደግሞ የመፋተግ ነው። ለሁለቱም ሴትሪዚን ይሠራል።

ምልክት፦ ክቡ ውስጥ ያድራል

ብዙ “አለርጂ” ተብሎ የሚታከም ሽፍታ የተባይ ንክሻ ነው። እግርና ክንድ ላይ በሦስት በአራት ተሰልፎ ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ነጥብ አለው፣ ለቀናት ይቆያል፣ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ብቻ ሊያብጥ ይችላል፤ ቁንጫው ሌሎቹንም ይነክሳል፣ ቆዳው የሚቆጣው ግን የእሱ ብቻ ነው። የጠፍር አልጋውን ቋጠሮና የመደቡን ስንጥቅ በሌሊት በባትሪ እዩ። ትኋን ካለ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ አልባሳቱን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የአፈር ወለሉን ውሃ እየረጫችሁ ጥረጉ፣ ጥጃና በግ ከመኝታ ይለዩ። የእርሻ ፀረ ተባይ መኝታ ላይ አትርጩ፤ ልጁን ይመርዛል።

ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሐልና በእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ሌላውንም ቤተሰብ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በስፋት መዛመቱ ይታወሳል። ፐርመትሪን 5 በመቶ ከአንገት በታች ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ በሳምንቱ ይደገማል። ሕፃን ከሆነ ጭንቅላቱም ይቀባል፣ ዓይንና አፍ አካባቢ ሲቀር። የማያሳክከው ሰው ጭምር በአንድ ቀን ካልተቀባ ከቤተሰቡ ተመልሶ ይይዘዋል።

ምልክት፦ ያማል፣ ይጠቁራል

ጥርት ያለ ብርጭቆ በሽፍታው ላይ ጫን አድርጉ። ቀለሙ ሳይጠፋ ከታየ ደም ቆዳ ሥር ፈስሷል ማለት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ማየት ይቀላል። መቀመጫና እግር ላይ ከሆነ፣ የሆድ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመምም ካለው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኩላሊትን ሊነካ ስለሚችል ሽንቱ ይመረመራል። ትኩሳት ካለውና ከዛለ ደግሞ ሰዓት አታባክኑ።

ምልክት፦ 6 ሳምንት አለፈው

አሁን ሕፃናት ሐኪም ወይም የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመ ስለሆነ በቆዳ ሕክምና ይታወቃል። ከዚያ የሚያልፈው ወደ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ይላካል። የሚጠቅሙት ምርመራዎች ጥቂት ናቸው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ)፣ እንደ ሁኔታው የታይሮይድ ምርመራ፣ እንዲሁም ሰገራ። ሰገራው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ቢታይ ይመረጣል፤ ጃርዲያ በአንዱ ቀን ሊያመልጥ ይችላል። አንድ የአልቤንዳዞል ፍሬም ወስፋትን እንጂ ጃርዲያን አያጠፋም።

ውድ በሆነው የአለርጂ ደም ምርመራ አትቸኩሉ። የሆድ ትላትል ባለበት አገር ጠቅላላ አይጂኢ (በአለርጂም በትላትልም የሚጨምር የደም ፀረ እንግዳ አካል) ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ስለ ሽፍታው አይናገርም። የምግብ ዝርዝር ላይ የሚወጣው “ፖዘቲቭ”ም ልጁ ያንን ምግብ በልቶ ሽፍ ካላለ ለመከልከል አይበቃም። የታይፎይድና ታይፈስ የደም ምርመራም ለሽፍታ መልስ አይሆንም። የቆዳ መወጋት ምርመራ ከታዘዘ ሴትሪዚኑ ቀድሞ መቆም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን።

ለሐኪሙ ይዛችሁ የምትሄዱት በአንድ ወረቀት ይበቃል፦ ሽፍታው የተነሳበትና የጠፋበት ሰዓት፣ በፊቱ በነበሩት 2 ሰዓታት የበላው፣ የወሰደው መድኃኒትና የባህል መድኃኒት ሳይደበቅ፣ ብርድ፣ ሩጫ፣ ትኩሳት፣ ከፎቶዎቹ ጋር። በታዘዘው መጠን ካልቆመ ሐኪሙ የሴትሪዚኑን መጠን ሊጨምር ይችላል፤ በራሳችሁ ግን አትጨምሩ። ሽፍታው ሲጠፋም በአንዴ አትተዉት፤ ሐኪሙ ለተወሰኑ ሳምንታት አስቀጥሎ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል።