ግሪዝሊ ድብ ባለበት ጫካ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከጦር መሣሪያ ምርጫ እስከ ድንኳን አተካከል

በአሜሪካ ወደሚገኙት የሎውስቶንና ግላሲየር ብሔራዊ ፓርኮች ወይም ወደ አላስካ ተራሮች በእግሩ ሊገባ የተዘጋጀ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን መሣሪያ ልያዝ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መምጣት ያለበት ግን ከሌሎች ብዙ ነገሮች በኋላ ነው። ግሪዝሊ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ማለት ነው። 40 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ብድግ ያለ ድብ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ሦስት ሴኮንድ አይፈጅበትም። በዚያች ጊዜ የሚሠራው አስቀድሞ የተዘጋጀው ነገር ብቻ ነው።

ድቡን በቀለሙ መለየት

ጥቁር ድብ የሚባለው ሌላው ዝርያ ቡናማ ሊሆን ይችላል፣ ግሪዝሊም ከወርቃማ እስከ ጥቁር ይደርሳል። የሚታየው ሻኛው ነው፤ ግሪዝሊ ልክ እንደ በሬ ትከሻው ላይ ሻኛ አለው። ፊቱ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ፣ ጆሮው አጭርና ክብ፣ የፊት እግሩ ጥፍር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። በቨርጂኒያና በኮሎራዶ ጫካዎች ያለው ጥቁር ድብ ነው። ግሪዝሊ በዋናነት የሚገኘው በሞንታና፣ በዋዮሚንግ፣ በአይዳሆ፣ በአላስካና በምዕራብ ካናዳ ነው። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለእውቀት ብቻ አይደለም፤ ድብ ሲይዝዎት የሚያደርጉትን የሚወስነው እሱ ነው።

ጠመንጃ ይዣለሁ ብሎ ስፕሬይ መተው

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለናል። የአላስካ መዝገቦችን የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የድብ ስፕሬይ (ከጣሳ የሚረጭ የሚያቃጥል የበርበሬ ፈሳሽ) ከተረጨባቸው የቡናማ ድብ (ግሪዝሊም የዚሁ ዝርያ ነው) ግጭቶች በ92 በመቶዎቹ ድቡ ድርጊቱን አቁሟል። በ2012 የወጣውና 269 ግጭቶችን ያየው ጥናት ደግሞ መሣሪያ ከያዙት መካከል በተኮሱትና ባልተኮሱት ላይ የደረሰው ጉዳት ልዩነት እንዳልነበረው አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥይት እየዘለለ የሚመጣን ጭንቅላት ወይም ደረት በትክክል መምታት አለበት፤ ስፕሬይ ግን ሰፊ ደመና ስለሚሠራ እጅ ቢንቀጠቀጥም ድቡ ራሱ ገብቶበት ያልፋል። የቆሰለ ግሪዝሊ ደግሞ ካልቆሰለው የባሰ ነው።

ስፕሬይ ሲገዙ «ለድብ» ተብሎ የተመዘገበውን ይምረጡ። ለሰው መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ጣሳ አይበቃም። ክብደቱ ቢያንስ 225 ግራም፣ የካፕሳይሲኑ (በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር) መጠን ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ የሚረጭበት ጊዜም ቢያንስ 6 ሴኮንድ ይሁን። ጊዜው ያለፈበት ጣሳ ግፊቱ ይቀንሳል። በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ስለማይፈቀድ እዚያው ደርሰው ይግዙ ወይም ይከራዩ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ በአውራ ጣት መቆለፊያውን ወደ ኋላ ስበው ያውጡ፤ ድቡ ከ9 እስከ 18 ሜትር ያህል ሲቀርብ ከፊቱ ዝቅ አድርገው አንድ ሁለት ሴኮንድ ይርጩ፤ ካልቆመ ይድገሙ። ከመሄድዎ በፊት ኬሚካል በሌለው የመለማመጃ ጣሳ ከማህደሩ ማውጣትን ደጋግመው ይሞክሩ።

በርበሬ ድብ ያባርራል ብሎ ድንኳን ላይ መርጨት

የዚህ ውጤት ተቃራኒው ነው። ስፕሬይ የሚሠራው ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ነው። መሬት ላይ የደረቀ ቅሪቱ ግን ድብን በሽታው ይስባል፤ ድቦች ሲንከባለሉበት ታይተዋል። ከሚጥሚጣ ጣሳ በድንኳን ዙሪያ የሚነሰነስ ዱቄትም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

መከላከያን ቦርሳ ውስጥ መክተት

ስፕሬይም ሆነ ሽጉጥ በአንድ እጅ፣ ሳያዩ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ትንሽ ነገር አለ፦ የከባድ ቦርሳ የወገብ ማሰሪያ ዳሌ ላይ ያለውን ማህደር ይሸፍነዋል። ስለዚህ ደረት ላይ የሚታሰር ማህደር ይሻላል። ማታ ድንኳን ውስጥም ከራስጌዎ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡት።

ትልቁን ካሊበር (የጥይት ውፍረት) ገዝቶ አለመለማመድ

መሣሪያ ለመያዝ ከወሰኑ፣ ትልቁ ጥያቄ ጥይቱ ምን ያህል ጠልቆ ይገባል የሚለው ነው። የግሪዝሊ ጡንቻና አጥንት ወፍራም ነው። ሲመታ ቶሎ የሚሰፋ፣ ጫፉ ባዶ የሆነ ጥይት ቆዳው ሥር ጉልበቱን ይጨርሳል፤ የሚፈለገው ጠንካራ፣ ቅርጹን የማይቀይር እርሳስ ነው። ለረጅም መሣሪያ ባለ 12 ጌጅ ሾትገን ከአንድ ወጥ ጥይት ጋር ወይም እንደ .30-06፣ .338 እና .45-70 ያሉ ጠመንጃዎች የተለመዱ ናቸው። በሾትገን ብዙ ፍሬ ያለው ጥይት ግን ጠልቆ አይገባም። ለሽጉጥ .44 ማግነም እና 10 ሚሊ ሜትር ይመረጣሉ።

.44 ማግነም ሲተኮስ ክፉኛ ይመታል። የመጀመሪያውን ጥይት ከተኮሱ በኋላ ሁለተኛውን ለማነጣጠር ሁለት ሴኮንድ ከፈጀብዎ፣ በደንብ የሚቆጣጠሩት 10 ሚሊ ሜትር ይሻልዎታል። መለኪያው ከማህደር አውጥቶ 10 ሜትር ላይ ያለ፣ ሰሃን የሚያህል ዒላማ በሦስት ሴኮንድ መምታት ነው። ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የሩቅ መነጽር በዚህ ርቀት ፀጉር ብቻ ነው የሚያሳየው። ጓደኛ ድቡ ሥር ወድቆ ሳለ መተኮስም ብርቱ አደጋ አለው፤ እዚያ ጊዜ ስፕሬይ ይቀድማል።

ሕጉን ሳያጣሩ መሄድ

ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የየስቴቱን ሕግ አክብሮ መሣሪያ መያዝ ይቻላል፤ መተኮስ ግን ክልክል ነው። በካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች ሽጉጥ ይዞ መግባት አይቻልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ያሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ከጓደኛ ተውሶ መያዝም ያው ነው። ከአላስካ ውጭ ባሉት ስቴቶች ግሪዝሊ ከ1975 ጀምሮ ጥበቃ ስለሚደረግለት፣ ሕይወትን ለማዳን የተገደለ ድብ በ5 ቀን ውስጥ ለባለሥልጣናት መነገር አለበት።

በዝምታ መጓዝና ጥንብ መጠጋት

አብዛኛው የግሪዝሊ ጥቃት ድንጋጤ የወለደው ነው፤ ግልገል ያላት እናት ወይም ጥንብ የሚጠብቅ ድብ በድንገት ሲደረስበት። በወንዝ ዳር፣ በመታጠፊያና ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ጮክ ብለው ያውሩ፣ ያጨብጭቡ። ትንንሽ ደወሎች በቂ ድምፅ የላቸውም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው ይሂዱ። ቁራዎች ተሰብስበው ካዩ ወይም የጥንብ ሽታ ከመጣ በመጡበት ይመለሱ። በየሎውስቶን ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው።

ምግብን ድንኳን ውስጥ ማሳደር

ቋንጣ፣ ንጥር ቂቤና ድርቆሽ ለመንገድ ይመቻሉ፤ ሽታቸው ግን ሩቅ ይሄዳል። ማብሰያውንና ምግብ ማስቀመጫውን ከድንኳኑ 90 ሜትር ያህል ያርቁ። ወጥ የሠሩበትን ልብስ ለብሰው አይተኙ። የጥርስ ሳሙናና የከንፈር ቅባትም ከምግቡ ጋር ይቀመጡ፤ ወይ ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ማስቀመጫ፣ ወይ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከግንዱ 1.2 ሜትር ርቆ በገመድ ተሰቅለው።

መሮጥ፣ ወይም ያለ ጊዜው መውደቅ

ድብ ካዩ አይሩጡ። ቀስ እያሉ፣ በዝግታ እያወሩ፣ ጀርባ ሳይሰጡ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። ብዙ ጊዜ ተንደርድሮ መጥቶ ደርሶ ይመለሳል፤ ገና ሲንደረደር መሬት ላይ መውደቅ ስፕሬዩን ያስጥልዎታል። ግሪዝሊ ከነካዎት ብቻ በሆድዎ ይተኙ፤ ቦርሳዎን አያውልቁ፤ ጣቶችዎን አቆላልፈው ማጅራትዎን ይሸፍኑ፤ እንዳይገለብጥዎ እግርዎን ፈርከክ ያድርጉ። ጥቁር ድብ ከሆነ፣ ወይም ማንኛውም ድብ ተከታትሎዎት ወይም ድንኳን ውስጥ ገብቶ ካጠቃዎት፣ ድቡ እያደነዎት ነውና በድንጋይም በዱላም አፍንጫውንና ዓይኑን እየመቱ ይታገሉ። ድቡ ሲሄድ ወዲያው አይነሱ፤ እንቅስቃሴ ካየ ይመለሳል። ብዙ ደቂቃ ቆይተው፣ ከሄደበት በተቃራኒ አቅጣጫ ወጥተው ለፓርኩ ጠባቂዎች ይደውሉ።