ሬጂስትሪው ይመልሳል፣ ጥሪው አይደርስም፦ የጃቫ አርኤምአይ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አርኤምአይ አንድ የጃቫ ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ ያለን ኦብጀክት ሜተድ የሚጠራበት ዘዴ ነው። ሰርቨሩ መነሳቱን፣ ኔትወርኩ መኖሩን፣ ኢንተርፌሱ በሁለቱም ወገን አንድ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላየ ሰው አይቶ ይመለስ።

ምልክት፦ ኦብጀክቱ በስሙ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ጥሪ ግን ይወድቃል

በተለያዩ ማሽኖች ላይ የተሰራጩ ኦብጀክቶችን ስጠግን እንደዚህ የተመላለሰብኝ ብልሽት የለም። ክላየንቱ በ1099 ፖርት ሬጂስትሪውን፣ ማለትም የኦብጀክቶቹን የስም መዝገብ፣ ጠይቆ ኦብጀክቱን ይቀበላል። ሜተዱን ሲጠራ ግን ወይ ግንኙነቱ ወዲያውኑ ይከለከላል፣ ወይ ረጅም ጊዜ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። ፕሮግራመሩ «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» እያለ ይምላል። ይሠራል እንጂ! እዚያ ሰርቨሩም ክላየንቱም አንድ ማሽን ላይ ናቸው።

ሬጂስትሪ የስልክ ማውጫ ነው፤ ጥሪ አያስተላልፍም። የሚሰጣችሁ ስተብ የሚባለውን ወኪል ሲሆን፣ በውስጡ የሰርቨሩ አድራሻና የፖርት ቁጥር ተጽፏል። ያንን አድራሻ የጻፈው ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ እናንተ ሬጂስትሪውን ያገኛችሁበት አድራሻ ከቁጥር አይገባም። ሰርቨሩ የራሱን አድራሻ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይጠይቃል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ብዙ ጊዜ የማሽኑን ስም ከ127.0.1.1 ጋር አያይዘው ስለሚያስቀምጡ የሚያገኘው መልስ ይኸው ይሆናል። «የት ነህ?» ሲሉት «እቤቴ ነኝ» ብሎ ስልኩን እንደሚዘጋ ሰው ማለት ነው። ክላየንቱም ወኪሉን አምኖ ሲደውል የሚያገኘው ራሱን ነው።

ከመገመታችሁ በፊት ክላየንቱ የተቀበለውን ስተብ እንዳለ ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ አሳዩት። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ አድራሻውንና ፖርቱን አፍረጥርጦ ያወጣዋል። ይህን ሳያደርግ ኮዱን እንደ አዲስ የጻፈ ሰው አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ፈጀበት፤ አዲሱም ኮድ እዚያው ቦታ ወደቀ።

መፍትሄው ሰርቨሩ ሲነሳ ሊደረስበት የሚችል አድራሻ መንገር ነው። ቅንብሩ «ጃቫ»፣ «አርኤምአይ»፣ «ሰርቨር»፣ «ሆስትኔም» የሚሉት አራት ቃላት በነጥብ ተያይዘው የሚጻፉበት የሲስተም ፕሮፐርቲ ነው። በሰርቨሩ በኩል ይሰጣል። ክላየንቱ ላይ ሰጥተው «ሞክሬዋለሁ፣ አልሠራም» የሚሉኝን መቁጠር ትቻለሁ። የመጀመሪያው ኦብጀክት ለጥሪ ክፍት ከመሆኑ በፊት ካልተሰጠም ዋጋ የለውም። በውስጥና በውጭ ኔትወርክ የተለያየ አይፒ ካላችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ስም ስጡ፤ እያንዳንዱ ወገን ስሙን በራሱ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ በሚቀይረው አገልግሎት) ይፍታው።

አድራሻው ተስተካክሎም ጥሪው ካልደረሰ ፖርቱን ተመልከቱ። ኦብጀክቱን ለጥሪ ስትከፍቱ የፖርቱን ቁጥር 0 ካላችሁ ሲስተሙ ያገኘውን ክፍት ፖርት ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ሌላ ይሆናል። ፋየርዎል ላይ 1099ን ብቻ መክፈት የግቢውን በር ከፍቶ ቤቱን መቆለፍ ነው። አንድ ቦታ ሲስተሙ ለወራት ሲሠራ ቆይቶ እሑድ ሌሊት ሰርቨሩ ጠፍቶ ተነሳና ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቆመ። ለካስ አንድ ባለሙያ ያን ጊዜ በዕጣ የደረሰውን ፖርት አይቶ እሱን ብቻ ከፍቶ ሄዷል፤ ለማንም አልነገረም። ቋሚ ቁጥር ስጡት። ሬጂስትሪው በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ከተነሳና የሶኬት ፋብሪካው (ግንኙነቱን የሚፈጥረው ክፍል) አንድ ከሆነ 1099 ራሱ ለሁለቱም ይበቃል። ከ1024 በላይ ያለውን ሁሉ ከፍታችሁ «ተፈታ» አትበሉ፤ እለምናችኋለሁ።

ክላየንቱ መልስ እንዲጠራበት የራሱን ኦብጀክት ለሰርቨሩ ካስተላለፈ እሱም ሰርቨር ሆኗል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተገልብጦ ይደርስበታል።

ምልክት፦ ሲሠራ ቆይቶ «እንዲህ ያለ ኦብጀክት በሰንጠረዡ የለም» ይላል

ኦብጀክቱን የፈጠረው ሜተድ ሲያልቅ በሰርቨሩ ውስጥ አጥብቆ የያዘው አልነበረም፤ ማህደረ ትውስታ አጽጂው ጠረገው። በስታቲክ ፊልድ ያዙት። የሩቅ ክላየንት ኦብጀክቱን የሚይዘው በኪራይ፣ ማለትም በየጊዜው እየታደሰ በሚሄድ የጊዜ ገደብ፣ ነው። ኪራዩ ካልተቀየረ 10 ደቂቃ ነው፤ ኔትወርኩ ከዚያ በላይ ከተቋረጠ ይዞታው ይወድቃል።

ምልክት፦ የክላስ ስሪት አይገጥምም

አንዱን ወገን አድሳችሁ ሌላውን ረስታችኋል። የስሪት መለያ ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት፤ ለኮምፓይለሩ አትተዉት።

ምልክት፦ ክላየንቱ ለዘላለም ይጠብቃል

የምላሽ መጠበቂያው ጊዜ ሳይነካ 0 ነው፤ ይህም ገደብ የለውም ማለት ነው። ገደብ አብጁለት።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ማንም ያላዘዘውን ፕሮግራም ያስኬዳል

ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ አንብቡ። አርኤምአይ ከሩቅ የመጣን ኦብጀክት ከባይት መልሶ ይሠራል፤ አጥቂ ደግሞ በዚያ ሂደት ውስጥ ትእዛዝ ያሾልካል። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታየው አፓቼ ኮመንስ ኮሌክሽንስ የተባለው ላይብረሪ በሰርቨሩ ላይ መገኘቱ ብቻ በቂ ነበር፤ ፕሮግራሙ ራሱ ባይጠራውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጃቫ 9 ጋር የወጣው ማጣሪያ ሬጂስትሪውንና የኪራዩን አገልግሎት ይጠብቃል። የእናንተን ሜተዶች ግን አይጠብቅም፤ ኦብጀክቱን ስትከፍቱ የሚፈቀዱትን ክላሶች ራሳችሁ ዘርዝሩ፣ የቀረውን ከልክሉ። ግንኙነቱን በቲኤልኤስ ምስጠራ ሸፍኑ፤ ክላየንቱም የምስክር ወረቀት ያቅርብ። 1099ን ለኢንተርኔት አትክፈቱ፤ «ለሙከራ» ተብሎም አይከፈት።

ኮርባ (እንደ አርኤምአይ ያለ፣ ግን በተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች መካከል የሚሠራ የሩቅ ጥሪ ዘዴ) ላይ ያላችሁም አድራሻውን በኦብጀክቱ ማጣቀሻ ውስጥ ፈልጉት፤ በሽታው አንድ ነው። ጃቫ 11 ላይ ጭራሽ ካልተነሳላችሁ ግን ብልሽት አይደለም፦ የኮርባ ሞጁሎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚያ ስሪት ወጥተዋል፤ ላይብረሪውን ለብቻው ማምጣት አለባችሁ።