ነጩን ጉጉት ሳይረብሹ ለማየት

እናቴ ጉጉት ሲጮህ ከሰማች የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የላትም። «ምን ሊያሰማን ነው?» ትል ነበር። እኔ ልጇ ሚኒሶታ ገብቼ፣ በእረፍት ቀኔ ጉጉት ፍለጋ ከሁለት ሰዓት በላይ እየነዳሁ በስተሰሜን ወዳለችው ዱሉዝ ከተማ እወጣለሁ። ብትሰማ ጉድ ትላለች።

የምፈልገው ነጩን ጉጉት ነው። የሚራባው ዛፍ በሌለው የአርክቲክ ሜዳ፣ መሬት ላይ ነው። ዋና ምግቡ ሌሚንግ የሚባል አይጥ መሰል እንስሳ ነው። ሌሚንግ በበዛበት ዓመት ጫጩቱም ይበዛል፤ ብርዱ ሲመጣ ወጣቶቹ ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ እንዲያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት በሽ ነው፣ አንዳንድ ዓመት ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ውጡ። ጫካ ውስጥ አትድከሙ። የለመደው ሜዳ ስለሆነ የእርሻ ማሳ፣ የኤርፖርት አካባቢ፣ የሐይቅ ዳር ይወዳል። ከዱሉዝ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሱፒሪየር ከተማንም ሞክሩ። ባይኖኩላርና በፔርሙዝ ሻይ ያዙ።

የእኔ የመጀመሪያዎቹ ጉጉቶች ፌስታል ነበሩ። አጥር ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ የበረዶ ጉብታ፣ አንዴም የተጣለ ባልዲ። ጉብታው አንገቱን አዙሮ በቢጫ ዓይኑ ካያችሁ እሱ ነው። ሸምገል ያለው ወንድ ነጭ በነጭ ነው ማለት ይቻላል። ሴቷና ወጣቶቹ ጥቁር ዥጉርጉር አላቸው። በሰውነት ሴቷ ትበልጣለች።

አሁን ዋናው ነገር። ከመኪና አትውረዱ። እኔ አንዴ ፎቶ አማረኝና ወደ አንዲት ጉጉት በእግሬ ተጠጋሁ። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከፈተችው። ቀጠልኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። አሁንም ቀጠልኩ። ተነሥታ መንገዱን ዝቅ ብላ ስትሻገር ከባድ መኪና ለጥቂት ሳታት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ተመለስኩ፤ ፎቶውም ደብዝዞ ወጣ። ዓይኗን ስትከፍት መቆም ነበረብኝ። እናንተ ያኔ ቁሙ፣ ቀጥ ካለች ደግሞ ወደ ኋላ በሉ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ስለተቀመጠ «ታሟል፣ ርቦታል» ብላችሁ አትዘኑ። እያረፈ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው ሲመሻሽና ሲነጋጋ ነው። ለፎቶ ብለው ከሱቅ የገዙትን አይጥ የሚወረውሩለት አሉ። እኔ ይህን ነውር ነው የምለው። ሰውና መኪና ወዳለበት መምጣት ያስለምደዋል። ያያችሁበትን ቦታም ወዲያው ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ በሰዓት ውስጥ ሃያ መኪና ይሰለፍበታል።

እቤት ሆናችሁም የምታደርጉት አለ። የአይጥ መርዝ ትታችሁ በወጥመድ ያዙ። መርዝ የበላች አይጥ ጉጉቱ ሆድ ውስጥ ትገባለችና። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ወፍ ከዓለም ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ ገብቷል። አርክቲክ እየሞቀ ሲሄድ የሌሚንግ ነገርም አስተማማኝ አይደለም።

መኪና የገጨው ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። ጥፍሩ ቀልድ አያውቅም። ውኃም ምግብም አትስጡት። ሴንት ፖል ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ራፕተር ሴንተር የተጎዱ አዳኝ ወፎችን ያክማል። እዚያ ደውሉና የሚሏችሁን አድርጉ። ቁጥሩን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ ከዱሉዝ ወጣ ካላችሁ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ።