ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች የቀን መዋያ ስትከፍቱ ከመጸዳጃው ጀምሩ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ለአዋቂ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች መዋያ ሊከፍት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሥልጠናና ስለ ዕቃ ነው። ሰዎቹን ከቤት የሚያስቀራቸው ግን የመንገዱ ጭቃ፣ የመጸዳጃው ነገርና ከምሳ በኋላ ያለው ሥራ ፈት ሰዓት ነው።

ፈቃዱን በአጭሩ፦ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ቀበሌውንና የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱን አነጋግሩ። በየጓዳው ማን እንዳለ የሚያውቁት ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የዕድር ሰብሳቢዎች ናቸው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይዛችሁ ጀምሩ። ከረዳቶቹ ቢያንስ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ይሁኑ፤ መጸዳጃ ቤት ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት መርዳት አለባቸው።

መግቢያውና መጸዳጃው

ተዳፋት መግቢያ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ሜትር ከ80፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። ካሳጠራችሁት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ላዩን ሊሾ አታድርጉት፣ በሐምሌ ዝናብ ሳሙና ይሆናል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጫሩት። በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ክፍተት ከ80 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የምትከራዩት የሕዝብ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ የሕንፃ አዋጁ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንደሚጠይቅ ለባለቤቱ ንገሩት።

መጸዳጃው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ተቸግሮ የሚጸዳዳ ሰው ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ ይመጣል፤ መዘዙ የሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ቤተሰብ ግን «መዋያው አልተስማማውም» ይላል። በጉድጓዱ ላይ መቀመጫው መሐሉ ላይ የተበሳ ጠንካራ የእንጨት ወንበር አስቀምጡ፤ ከፍታው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሚይዙትን ቧንቧ በጭቃ ግድግዳ ላይ በቡሎን አትሰሩ፤ ባሕር ዛፉና ጭቃው የሰው ክብደት አይችልም፣ በሳምንቱ ይነቀላል። ቧንቧውን እንደ ምሰሶ መሬት ውስጥ በሲሚንቶ ትከሉት። ውስጡ ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ቦታ ይኑረው፣ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የወደቀ ሰው ራሱ በሩን ይዘጋዋል።

መምጣትና መቀመጥ

ከአንድ የታወቀ የባጃጅ ሾፌር ጋር በወር ተዋዋሉ፤ በየቀኑ ሰው ሲቀያየር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ይረበሻል። ከዊልቸር ወደ ባጃጅ ስታሻግሩ ፍሬኑን ያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን አንሱ፣ ጉልበቱን በጉልበታችሁ ደግፉ፣ ከወገቡ ያዙት። በብብቱ አንጠልጥላችሁ አትሳቡ፤ ሽባ የሆነ ክንድ ከትከሻው ይወልቃል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ደጋ ብርዱ የተገተረ ጡንቻን ይብስ ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት አትጀምሩ።

ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ከመቀመጫው ማንሳት ወይም ወደ ጎን ማዘንበል አለበት፤ ካልቻለ እናንተ አዘንብሉት። ቁስል ሲጀምር በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። መሞቁንና መጠጠሩን በእጅ ዳስሱ። እግሩ የማይሰማውን ሰው ከቡና ምድጃው አርቁት፤ ቆዳው እየተቃጠለ ጨዋታውን ይቀጥላል።

ምግብና መድኃኒት

የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ያዘንብል፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ አታስተኙት። ቆሎ ለእሱ አይሰጥ። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ ግን ለእሱ ከአውራ ጣት ጫፍ አይብለጥ፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይምጣ። በሽሮ በደንብ የራሰ ፍትፍት ከደረቅ እንጀራ ይሻላል። ሲበላ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውሃ የገባበት የሚመስል ከሆነ አቁሙና ጤና ጣቢያ አሳዩት።

የሚጥል በሽታ ሲነሳ ሰዓት ተመልከቱ፣ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አጥፋችሁ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ክብሪት አታሽትቱ፣ ማንኪያም በጥርሱ መሐል አታስገቡ፤ ጥርስ ከመስበር ሌላ የሚያመጣው የለም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሚጥል በሽታ ክኒን የሆነው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ክኒኑ ከማለቁ ሳምንት በፊት ቤተሰቡን አስታውሱ። ጠበል ከሄደም ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ በጠበሉ ላይ ክርክር አትግጠሙ። በጾም ወራት የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድማችሁ ከቤተሰቡና ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፣ ካልሆነ የጠዋቱ ክኒን ይቀራል።

ሥራው

እነዚህ አዋቂዎች ናቸው። የአርባ ዓመት ሰው «ማሙሽ» ተብሎ አይጠራ፣ የሕፃን ሥዕልም ቀለም እንዲቀባ አይሰጠው። የሰፈር እኩያው የሚሠራውን ይሥራ። በቆሎ መፈልፈል በአንድ እጅም ይቻላል፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ደግሞ በቆሎ አይጠፋም። ምስር መልቀም ጥሩ ነው። በርበሬ መቀንጠስ ገበያ አለው፣ ግን ዓይኑን የሚያሽ ሰው ከዚያ ይራቅ።

ቡና ማፍላትን ስታስተምሩ ከመጨረሻው ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናንተ ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ አፍልታችሁ፣ ቀድታችሁ ስኒውን ለእንግዳ ማቀበሉን ብቻ ለምትማረዋ ተዉላት። ያን ስትለምድ መቅዳቱን ጨምሩላት፣ ቀጥሎ ማፍላቱን፣ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። እንዲህ ስትማር ሁልጊዜ የምትጨርሰው እሷ ትሆናለች፣ ምስጋናውም ለእሷ ይደርሳል። ከመቁላቱ ከጀመራችሁ ግን ከግማሽ በላይ ሳትደርስ ትሰለቻለች። እጇ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጀበናው እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ፣ ረከቦቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ ስኒው አይንሸራተትም።

የማይናገር ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በዕቃ ይነገረው፦ ሳሙና ካሳያችሁት መታጠብ፣ ስኒ ካሳያችሁት ቡና፣ ዘንቢል ካሳያችሁት ገበያ። ዕቃው ሁሌም ያው ይሁን፤ ዛሬ ስኒ ነገ ጀበና ካሳያችሁት ግራ ይጋባል። ከሰዓት በኋላ ረብሻ ከበዛ መጀመሪያ የምትፈትሹት ጠባዩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ወይም ሽንቱ መጥቶ የሚናገርበት አጥቷል።

የተፈለፈለው ወይም የተለቀመው ሲሸጥ ገንዘቡን በሁሉም ፊት ቁጠሩ፣ ድርሻውን በየእጁ ስጡ፣ በደብተር ፈርሙ። ለቤተሰብ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሠራተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ በቆሎውን ይተወዋል፣ እውነቱንም ነው። በገበያ ቀን ከድርሻው ራሱ የመረጠውን አንድ ነገር ይግዛ፤ ረዳቱ መልሱን ይቁጠርለት እንጂ ብሩን አይያዝበት።