ፎርዊል መኪና ላይ የተለያየ ሳይዝ ጎማ መግጠም ግድ ሲሆን

ደጀን ላይ ጎማ ፈንድቶባችሁ ጎሚስታው ጋ ሌላ ሳይዝ ብቻ ካለ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። 265/70አር16 ቁመቱ 777 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 235/85አር16 ደግሞ 806፣ ቸርኬያቸው አንድ ስለሆነ ይገባል ግን በአንድ ዙር ወደ 9 ሳንቲሜትር ይበላለጣሉ። አዲስና ያለቀ ጎማም እንደዛው ነው፣ ሳይዙ አንድ ነው ብላችሁ አትሸወዱ፣ ዙሪያውን በሜትር ለኩት።

አብዛኞቹ የድሮ ሃርድቶፖችና ሃይሉክሶች ፎርዊል ሲገባ ፊትና ኋላው አንድ ላይ ይታሰራል፣ ስለዚህ ጎማው ከተበላለጠ አስፋልት ላይ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል፣ የፎርዊሉ ማርሽ አልወጣም ይላል፣ ሲብስም ጥርስ ይሰብራል። የተለየችው አንድ ጎማ ከሆነች ፊት ግጠሟትና በኋላ ጎማ ብቻ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሁለት ካገኛችሁ አንድ አይነቶቹን ጥንድ አድርጋችሁ አንድ አክስል ላይ፣ ፎርዊል ግን አሁንም አይነካም።

ወደ ጮቄ ስትወጡ ጭቃ ከያዛችሁስ? ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ፎርዊሉን ለመውጫ ያህል አስገቡት፣ ደረቅ እንደረገጣችሁ አውጡ፣ እምቢ ካለ ትንሽ ወደኋላ ሂዱ ይለቃል። ሁሌም በአራቱም የሚነዳ መኪና ከሆነ ግን ባትሞክሩት ይሻላል፣ እኔ ብሆን ትክክለኛው ጎማ ከማርቆስ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።