በክረምት ሆድንም ስሜትንም መጠበቅ

ከሰኔ ጀምሮ በጎጃም ጮቄ ተራራ ዙሪያ ጉሙ ሲወርድ ሰው ቤት ይውላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ስሜትም ይጨፈግጋል። ሆድና ስሜት የተያያዙ ናቸው፦ ስሜትን ከሚነኩ የሰውነት ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ አንጀትና አንጎልም በነርቭ ይነጋገራሉ።

እርጎ ይቅደም። 1 ሊትር ወተት አፍልተው ጣት ሳያቃጥል ለብ እስኪል ያቀዝቅዙ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የቀድሞ እርጎ ጨምረው ይክደኑት። በክረምት አልረጋ የሚለው ብዙውን ጊዜ ወተቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልለው ምድጃ አጠገብ ያሳድሩት። ትኩስ ወተት ላይ ከጨመሩ ደግሞ የሚያረጉት ተሕዋስያን ይሞታሉ። ያልፈላ ወተት ማርጋት ጣዕሙ ቢያምርም ብሩሴሎሲስ የተባለ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ የሚሠራው ስልጆ እርጎን ይተካል፤ ከተበሰለ በኋላ ስለሚብላላ ሕያው ተሕዋስያን አሉት። የእንጀራው ግን ምጣድ ላይ ያልቃሉ፤ የእንጀራ ጥቅም የጤፉ አሰር ነው።

ተልባ ቀለል አድርገው ቆልተው ይፍጩ፤ 1 የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ውሃው ካነሰ ድርቀቱ ይብሳል! መድኃኒት የሚወስድ ሰው 2 ሰዓት ያራርቀው።

ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ ይራመዱ፤ ደመና ቢሆንም የውጭው ብርሃን ከቤት ውስጡ ይበልጣል። ሰገራ ላይ ደም ከታየ ወይም ድባቴው 2 ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።