ታብሌትን ለመድረክ ሙዚቃ ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ማድረግ

የኮምፒውተሬን ድምፅ ከርቀት የምቆጣጠርበት ታብሌት በልምምድ ክፍል አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም ነበር። መድረክ ላይ ግን፣ አዳራሹ በሰው ከሞላ በኋላ፣ የገደል ማሚቶውን ለመዝጋት ጣቴን ታብሌቱ ላይ ወደ ታች ሳብኩ። ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ወረደ፤ ድምፁ ግን አልወረደም። ማሚቶው በራሱ ላይ እየተደራረበና እየጎላ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ኮምፒውተሩ ዘንድ ደርሼ በእጄ እስክዘጋው ድረስ ተመልካቹ ጆሮውን ይዞ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ደቂቃ እንዳያይ ብዬ ነው።

ድምፁን የሚፈጥረው ኮምፒውተሩ ነው። ታብሌቱ የጣትን እንቅስቃሴ ወደ ቁጥር ለውጦ በዋይፋይ ከመላክ በቀር ሌላ ድካም የለበትም። ስለዚህ ባትሪው ጤነኛ የሆነና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚቀበል አሮጌ ታብሌት ይበቃል። የሚተርፈውን ገንዘብ ለራውተር ያውሉት።

መተግበሪያውን ይጫኑ። እኔ የምሠራው በተችኦኤስሲ ነው፤ የስክሪኑን ገጽ ከባዶ ተነስቶ እንደ እጅ ልማድ ማበጀት ያስችላል፣ ሁለቱን የመግባቢያ ቋንቋዎችም ይናገራል። አንደኛው ሚዲ ነው፤ ከ1983 ጀምሮ ስላለ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ተራ ፌደር፣ ማለትም በጣት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሳብ መቆጣጠሪያ፣ በሚዲ ከ0 እስከ 127 ባሉት ቁጥሮች ብቻ ይናገራል፤ የድምፅ ማጣሪያን በዝግታ ሲከፍቱ እርከኖቹ አንድ በአንድ ለጆሮ ሊሰሙ ይችላሉ። ሁለተኛው በ1997 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የቀረበው ኦኤስሲ ነው፤ የአሥርዮሽ ቁጥሮችን ስለሚልክ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ድምፅን በራስ ፕሮግራም ለመገንባት በሚያገለግሉት በፒዩር ዳታ፣ በማክስ ወይም በሱፐርኮላይደር የሚሠሩ ከሆነ ኦኤስሲን ይምረጡ። በሙዚቃ መሥሪያው ሶፍትዌር በኤብልተን ላይቭ ከሆነ ግን ሚዲን ይያዙና ጊዜዎን ለሙዚቃው ያውሉት።

አሁን ወደ ኔትወርኩ። አብዛኛው ሰው በአንድ መስመር የሚያልፈው ይህ ነው፤ እኔን የጣለኝም ይኸው ነው።

የአዳራሹን ዋይፋይ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የራስዎን ራውተር ይዘው ይሂዱ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙት። ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ እያንዳንዱ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ አንዴ ከታብሌቱ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ። በአንድ አጭር ገመድ የአደጋው ግማሽ ይወገዳል።

ቀጥሎ 2.4 ጊጋኸርዙን ያጥፉትና በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ይሥሩ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት የተለመዱ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ብሉቱዝም እዚያው ሰፈር ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ስልኮች ሲገቡ መተላለፊያ ይጠፋል፤ በባዶ ክፍል የሠራው በሙሉ አዳራሽ የሚከዳው ለዚህ ነው። በ5 ጊጋኸርዝም ቢሆን የቻናሉን ምርጫ ለራውተሩ አይተዉለት። ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱን ራስዎ ይወስኑ። ከ52 እስከ 144 ያሉት በብዙ አገሮች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ የራዳር ምልክት የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለቆ መውጣት አለበት፤ ወደ ሌላ የራዳር ቻናል ከተሻገረም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ማዳመጥ ይኖርበታል። በመድረክ ላይ አንድ ደቂቃ ዘላለም ነው።

ራውተሩን ከሰው ራስ ከፍ አድርገው፣ ከታብሌቱ በሚታይ ቦታ ያስቀምጡት። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ምልክቱን ይመጥጣል። እኔ በዚያ ምሽት ራውተሩን ከጠረጴዛው ስር፣ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ አስቀምጬው ነበር።

ለኮምፒውተሩ የማይለወጥ አድራሻ ይስጡት፤ ለምሳሌ የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ኮምፒውተሩን 192.168.1.10 ማድረግ ይቻላል። ይህንኑ አድራሻ በታብሌቱ መተግበሪያ ላይ ያስገቡ፤ የፖርት ቁጥሩም፣ ማለትም መልእክቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባበት በር ቁጥር፣ በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን። ምንም ካልደረሰ መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣ መልእክትን የሚያግደውን የኮምፒውተሩን ፋየርዎል ይመልከቱ። አይፓድ ከሆነ ደግሞ መተግበሪያው በአካባቢው ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲያገኝ መፈቀዱን ያረጋግጡ። በመጨረሻም ታብሌቱ የሚያውቃቸውን ሌሎች ዋይፋዮች ያስረሱት፤ ኢንተርኔት የሌለውን ራውተር ትቶ ወደ እነርሱ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መልእክት ሊጠፋ ይችላል። ኦኤስሲ ብዙውን ጊዜ የሚጓዘው ዩዲፒ በሚባል የኔትወርክ መላኪያ ዘዴ ነው፤ ዩዲፒ ደግሞ ይልካል እንጂ መድረሱን አይጠይቅም። የእኔ ማሚቶ ያልተዘጋው የመጨረሻው ቁጥር መንገድ ላይ ስለቀረ ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ላይ የሚቀመጠው ነገር አንድ መልእክት ቢጠፋበት ጉዳት የማያደርስ ይሁን። ሲነኩት የሚጮህ፣ ሲለቁት ዝም የሚል ቁልፍ አያስቀምጡ፤ የመልቀቁ መልእክት ከጠፋ ድምፁ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ከበሮንም በጣት አይምቱበት። የዋይፋይ መዘግየት ትንሽ ቢሆንም ወጥ አይደለም፤ ጆሮ ወጥ መዘግየትን ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን ግን አይለምድም። የሙዚቃ ክፍሎችን ለማስጀመር ከሆነ ሶፍትዌሩ የሚቀጥለውን ምት መነሻ ጠብቆ እንዲያስጀምር ያድርጉት፤ ያኔ ጥቂት መዘግየት አይታወቅም። ማሚቶው በእያንዳንዱ ዙር ወደ ራሱ የሚመለስበትን መጠን ጣሪያ ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይወስኑት። የእኔ አሁን ከ80 በመቶ አያልፍም፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ማሚቶው እየደከመ ይሞታል።

የስክሪኑን ገጽ ሲሠሩ ጥቂትና ትልልቅ ያድርጉት። ከስምንት ፌደር በላይ በጨለማ ውስጥ ማን በትክክል ይነካል? መስታወት ጠርዝ የለውም፤ ጣት የሚዳስሰው ነገር አያገኝም። እኔ በፌደሮቹ መካከል ቀጭን የፕላስተር ቁራጭ እለጥፋለሁ፤ ዓይኔን ሳላነሳ የትኛው ላይ እንዳለሁ ጣቴ ያውቃል። ከእያንዳንዱ ፌደር በላይ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ተመልሶ የሚመጣውን ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን አለ። ፌደሩ ወርዶ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ወዲያውኑ አያለሁ። ያን ምሽት ይህ ሳጥን ቢኖረኝ ኖሮ ስክሪኑ ባላታለለኝ።

ማሳወቂያዎችን መዝጋትና ስክሪኑ በራሱ እንዳይጠፋ ማድረግ የታወቀ ነው። በአይፓድ ላይ ግን በአራትና በአምስት ጣት የሚሠሩትን ምልክቶችም ያጥፉ፤ ብዙ ፌደሮችን በአንድ ጊዜ ሲስቡ መተግበሪያው ከፊትዎ ሊሰወር ይችላል።

ከዝግጅቱ በፊት ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ ራውተሩን ሆን ብለው ያጥፉት። ምን እንደሚቀጥል፣ ምን እንደሚበላሽ፣ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚመለስ ያዳምጡ። የሚበላሸው ነገር ሁሉ ከታብሌቱ ወጥቶ ወደ ባለገመድ መቆጣጠሪያ ይሂድ። በዕለቱ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን፣ በመጨረሻ ታብሌቱን ያብሩ። ድምፅ ማጉያው እንደተዘጋ እያንዳንዱን ፌደር ላይ ታች አድርገው ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩ ሲለወጥ ይዩ። ከዚያ ድምፁን ይክፈቱ።